የገባው ሁሉ መውጫ ይኑረው፦ በአንገት ደም ቅዳ ላይ ስቴንት ሲተከል የሚያጋጥሙ መካኒካዊ ችግሮች

(በአዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ በተዘጋጀ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



 ርእሱን ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ የመካኒካል ምሕንድስና መምህር ምን አገባው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት ቀጫጭን ብረቶች በተደጋጋሚ ሲታጠፉ እንዴት እንደሚደክሙና እንደሚሰበሩ በመመርመር ነው። ዛሬም የምናገረው ስለ መድኃኒት መጠን ወይም ስለ ሕመም ምርመራ አይደለም። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሽቦ፣ ተጣጥፎ የሚገባ ማጣሪያ፣ የሚነፋ ፊኛና ራሱን የሚዘረጋ የብረት መረብ በሕያው ሰው ቧንቧ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ነው የምናገረው። ይህ የጉልበት፣ የሰበቃና የመታጠፍ ጉዳይ ስለሆነ እኛንም ይመለከታል።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ስቴንት መትከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ማስገባቱ ነው። ነገር ግን ወደ አንገት ደም ቅዳ ከሚገቡት መሣሪያዎች መካከል እዚያው የሚቀረው ስቴንቱ ብቻ ነው። ሽቦው፣ ማጣሪያው፣ ፊኛውና ቱቦው በገቡበት መንገድ ተመልሰው መውጣት አለባቸው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ከመግባቱ በፊት እንዴት እንደሚወጣ፣ ቢያንቅ ደግሞ በምን እንደሚፈታ መታወቅ ይኖርበታል። ይህ ደንብ ለአንድ ሐኪም እንደሚሠራ ሁሉ፣ ሕክምናውን ለማስፋፋት ለሚያስብ ሆስፒታልና ለሚያስብ አገርም ይሠራል።

በመጀመሪያ ቧንቧውን እንወቀው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጂን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ደም የሚያደርሱለት አራት ደም ቅዳዎች ናቸው። ሁለቱ በአንገት አከርካሪ አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፉ ሲሆኑ፣ ዋነኞቹ ሁለቱ በአንገታችን ግራና ቀኝ የሚወጡት ካሮቲዶች ናቸው። ጣታችሁን ከማንቁርታችሁ ጎን በቀስታ ብታሳርፉ የሚመታው እርሱ ነው። ይህ ቧንቧ ከመንጋጋ በታች ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ፊትና ወደ ራስ ቅል ውጫዊ ክፍል፣ ሌላው ወደ አንጎል ይሄዳል። ወደ አንጎል የሚሄደው ቅርንጫፍ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ወንዝ በሚከፈልበት ቦታ ውኃው ዳር ዳሩን እንደሚሰንፍና ደለል እንደሚያስቀምጥ፣ በዚህ መንታ ላይም የደሙ ፍሰት በግድግዳው በኩል ይዘገያል፣ ይሽከረከራል። በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታና በሲጋራ ምክንያት ቅባትና ካልሲየም በግድግዳው ውስጥ የሚጠራቀመው በተለይ እዚህ ነው። አደጋው የቧንቧው መጥበብ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ስትሮክ የሚያመጣው ከክምችቱ የተገነጠለ ቁራጭ ወይም በላዩ የረጋ ደም ወደ አንጎል ተወስዶ ትንንሾቹን ቧንቧዎች ሲደፍን ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ የምናያቸው መካኒካዊ ችግሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው እዚሁ ነው።

ሐኪሞች ይህን ቧንቧ ከፍተው ማጽዳት የጀመሩት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ማይክል ደቤኪ በ1953 በሂዩስተን ሠርቶታል፤ በ1954 ደግሞ ኢስትኮትና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ የሠሩትን ቀዶ ሕክምና ለዓለም በጽሑፍ አሳወቁ። ጥቅሙ በጥናት የተረጋገጠው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በ1991 የታተመው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ቧንቧቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጠብቦ የስትሮክ ምልክት ያሳዩ ሰዎችን አነጻጸረ። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 26 በመቶዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ጎን ስትሮክ ሲመታቸው፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል ይህ የደረሰባቸው 9 በመቶዎቹ ነበሩ።

ይህ ቁጥር አንድ ከባድ ነገር ይነግረናል። የዚህ ሕክምና ዓላማ ገና ያልደረሰን አደጋ መከላከል ነው። ታካሚው ብዙ ጊዜ በእግሩ ሄዶ፣ ከቤተሰቡ ጋር እየተጨዋወተ ወደ ሕክምና ክፍሉ ይገባል። ከክፍሉ መናገር አቅቶት ወይም አንድ እጁ ዝሎ ቢወጣ፣ ሊመጣ ይችል የነበረውን አደጋ እኛው አምጥተንበታል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት የሙያ መመሪያዎች ጥብቅ ገደብ አስቀምጠዋል። ምልክት ባሳዩ ታካሚዎች ላይ ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ስትሮክና ሞት ከ6 በመቶ፣ ምልክት በሌላቸው ላይ ደግሞ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። ከዚያ ካለፈ ሕክምናው ከሚከላከለው ይልቅ የሚያደርሰው ጉዳት እያየለ ይሄዳል።

አንገትን ሳይከፍቱ በውስጥ መንገድ የመሄድ ሐሳብ የበርካታ ሰዎች ሥራ ውጤት ነው። ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 ሊዝበን ውስጥ የአንጎልን ደም ሥሮች በኤክስሬይ አሳየ። ቻርልስ ዶተር በ1964 የጠበበ የእግር ቧንቧን በካቴተር ከፈተ። አንድሬአስ ግሩንትዚግ በ1977 ዙሪክ ውስጥ የልብን ቧንቧ በፊኛ አሰፋ። ወደ አንገት የተመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በ1990ዎቹም ስቴንት በካሮቲድ ውስጥ መትከል እየተለመደ መጣ።

የመጀመሪያው መካኒካዊ ትምህርትም ያን ጊዜ ተገኘ። በመጀመሪያ ጥቅም ላይ የዋሉት ስቴንቶች በፊኛ ተነፍተው ቅርጻቸውን የሚይዙ የብረት ቱቦዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ስቴንት ደረት ውስጥ፣ በአጥንት ተከልሎ በሚገኘው የልብ ቧንቧ ላይ ጥሩ ይሠራል። አንገት ግን ከቆዳ በታች ጥቂት ዘልቆ የሚገኝ፣ የሚዞር፣ የሚጎነበስ፣ የሚዋጥበት ቦታ ነው። ስቴንቱ ከውጭ ሲጫኑት ይጨፈለቃል፤ አንዴ ከተጨፈለቀም ተመልሶ አይነሣም። ኢንጂነሮች ይህን ቋሚ የቅርጽ ለውጥ እንለዋለን። መፍትሔው ራሳቸውን የሚዘረጉ ስቴንቶች ሆኑ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚሠሩት ከኒቲኖል፣ ማለትም ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ ነው። ቅይጡ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን ስሙም ከሁለቱ ብረቶችና ከቤተ ሙከራው ስም የተውጣጣ ነው። ተጨፍልቆ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የተሳሳተው ብረት የተተካው የአንገትን እንቅስቃሴ ከመረዳት ተነሥቶ ነው።

አሁን መሣሪያዎቹን ተከትለን እንጓዝ። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከብሽሽት፣ አንዳንዴም ከእጅ አንጓ ይጀምራል። ቱቦው በዋናው ደም ቅዳ፣ በአኦርታ በኩል ሽቅብ ይወጣል። አኦርታ ከልብ እንደ ወጣ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፋል፤ ወደ ራስና ወደ እጅ የሚሄዱት ቅርንጫፎች ከዚህ ቅስት ይነሣሉ። በወጣት ሰው ቅርንጫፎቹ ከቅስቱ ጫፍ ስለሚነሡ መግቢያቸው ቀጥ ያለ ነው። ዕድሜ ሲገፋና የደም ግፊት ለዓመታት ሲበዛ ግን ቅስቱ ይረዝማል፤ ቅርንጫፎቹም ከጫፉ ዝቅ ብለው የሚነሡ ይሆናሉ። ሐኪሞች ይህን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው። ከታች የመጣ ቱቦ ቅስቱን ወጥቶ፣ ወደ ታች ተመልሶ፣ እንደገና ሽቅብ መታጠፍ አለበትና።

እዚህ ላይ የምሕንድስና ተማሪዎች በደንብ አስተውሉ። አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ለስላሳ ቱቦ ከአንድ ጫፍ ሲገፋ ሌላኛው ጫፍ ወዲያው አይንቀሳቀስም። የእጁ ጉልበት በመታጠፊያዎቹ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ በድንገት ይለቀቃል፤ ጫፉ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ወይም ቱቦው ከካሮቲዱ ተንሸራቶ ወደ አኦርታ ይወድቅና ሽቦውንና ማጣሪያውን ይዞ ይመለሳል። ከጫፉ ጋር የሚፋተገው የቅስቱ ግድግዳም የራሱ ክምችት አለው። ከዚያ የሚነሣ ቁራጭ ሊታከም ወደታሰበው የአንጎል ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላኛውም ሊሄድ ይችላል። የሚያድነው ዘዴ ከመግባት በፊት የቅስቱን ምስል በሲቲ ስካን ማየት፣ መንገዱ አስቸጋሪ ከሆነ በእጅ በኩል ወይም በቀዶ ሕክምና መሄድን መምረጥ ነው። ከአንገት ሥር በትንሽ ክፍተት ገብቶ የደሙን ፍሰት ለጊዜው ወደ ኋላ በመመለስ የሚሠራው አዲሱ ዘዴም የተፈጠረው ይህን ቅስት ለማስቀረት ነው።

ቀጣዩ መሣሪያ ማጣሪያው ነው። 0.36 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ጫፍ ላይ የተያዘች ትንሽ ጃንጥላ አስቡ። ተጣጥፋ በጠበበው ቦታ ታልፋለች፤ ከዚያ ወዲያ ትዘረጋና ወደ አንጎል የሚሄደውን ቁራጭ ትይዛለች። ቀዳዳዎቿ በአብዛኛው ከ100 ማይክሮን ብዙ የማይርቁ ናቸው፤ ከዚያ ያነሰው ደቃቅ ያልፋል። በፊኛ ዘግቶ አንጎልን የመጠበቅን ሐሳብ በ1990 ያቀረበው ፈረንሳዊው ዣክ ቴሮን ነው፤ ማጣሪያው ደሙን ሳያቋርጥ ተመሳሳይ ዓላማ ለማሳካት የመጣ ነው።

ነገር ግን የሚጠብቀው መሣሪያ ራሱ ሦስት ችግር ይዞ ይመጣል። አንደኛ፣ የጠበበውን ቦታ መጀመሪያ የሚያልፈው ያለ ጥበቃ ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ሽቦውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ጃንጥላው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ ቧንቧው ይኮማተራል፣ አንዳንዴም ውስጠኛው ሽፋን ይላጣል። ሦስተኛ፣ ማጣሪያው በቁራጭ ሊሞላና የደሙ ፍሰት ሊቆም ይችላል። በምስሉ ላይ ቧንቧው የተዘጋ ይመስላል። በዚህ ሰዓት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ማጣሪያውን ቶሎ ጎትቶ ማውጣት ከበላዩ በቆመው ደም ውስጥ የተንሳፈፈውን ሁሉ ወደ አንጎል መልቀቅ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በመምጠጫ ካቴተር ያ ደም ይሳባል፤ ማጣሪያው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው መምጠጫው ካቴተር ጠረጴዛው ላይ ሳይኖር ማጣሪያ አይዘረጋም።

ፊኛው ሲነፋ የጠበበው ቦታ የሚሰፋው ክምችቱ ስለሚሰነጠቅ ነው። መጠነኛ ስንጥቅ የሥራው አካል ነው። ስንጥቁ ሲረዝምና ደም በግድግዳው ሽፋኖች መካከል ሲገባ ግን የተላጠው ሽፋን እንደ መዝጊያ ሆኖ ቧንቧውን ይደፍናል። ካልሲየሙ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከከበበ ፊኛው አልሰፋም ይላል። የሚነፋው እጅ ግፊት ሲጨምርበት ሹል ካልሲየም ፊኛውን ይቀደዋል። በፊኛው ውስጥ አየር ቀርቶ ከነበረ ያ አየር ወደ አንጎል ይሄዳል። ስለዚህ ፊኛው ሰውነት ውስጥ ከመግባቱ በፊት አየሩ ወጥቶ በተበረዘ የኤክስሬይ ፈሳሽ መሞላት አለበት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚከላከለው ግን የዕድሜ ልክ ጉዳትን ነው።

ፊኛው ሌላም ነገር ይነካል። በመንታው ላይ የደምን ግፊት የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ፊኛው ግድግዳውን ሲለጥጠው እነዚህ ነርቮች የደም ግፊት በድንገት የጨመረ መስሏቸው ልብን «ዝግ በል» ይሏታል። የልብ ምት ይዘገማል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ልብ ለጥቂት ሴኮንዶች ልትቆምም ትችላለች። ይህ የመድኃኒት ስሕተት አይደለም፤ የተለጠጠ ግድግዳ ያመጣው ምላሽ ነው። አትሮፒን ፊኛው ከመነፋቱ በፊት በሲሪንጅ ተቀድቶ ዝግጁ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ስቴንቱ እንምጣ። ስቴንቱ በቀጭን ሽፋን ውስጥ ታጥፎ ይገባል፤ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሲሳብ ከጫፉ ጀምሮ ይከፈታል። ቦታው በጣም የጠበበና የጠነከረ ከሆነ፣ ግማሽ የተከፈተው ስቴንት በሁለት ጣት መካከል እንደተጫነ የሎሚ ፍሬ ተፈናጥሮ ከታሰበለት ቦታ ያልፋል። በሽቦ የተጎነጎኑት ዓይነቶች ደግሞ ሲሰፉ ያጥራሉ። ርዝመቱን የለካው ሰው ይህን ካላሰበ የክምችቱ ጫፍ ሳይሸፈን ይቀራል። ስፋቱ ካነሰ ስቴንቱ ግድግዳውን ሳይነካ ይንሳፈፋል፤ ደምም በዙሪያው ይረጋል። ከመጠን ሲያልፍ ግድግዳውን ይጎዳል። ስለዚህ የካሮቲድ ስቴንቶች ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በሚደርሱ የተለያዩ ስፋቶችና በተለያየ ርዝመት ይሠራሉ። መደርደሪያው ላይ አንድ መጠን ብቻ ያለው ሐኪም የሚመርጠው ለታካሚው የሚስማማውን ሳይሆን ያለውን ነው።

የመረቡ ቀዳዳ ስፋትም ዋጋ ያስከፍላል። በገበያ ላይ በዋሉት ስቴንቶች መካከል የአንዱ ቀዳዳ ስፋት ከ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ የሌላው ከ11 ካሬ ሚሊ ሜትር ያልፋል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ስቴንት በቀላሉ ይታጠፋል፤ ለተጠማዘዘ ቧንቧ ይስማማል። ነገር ግን ለስላሳው ክምችት በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ጠባቡ ክምችቱን ይይዛል፤ ግን ግትር ነው። ግትር ስቴንት የታጠፈውን ቧንቧ ቀጥ ሲያደርገው መታጠፉ አይጠፋም፤ ስጋጃ ላይ ያለን እጥፋት በእግር ስንጫነው ወደ ጎን እንደሚሸሽ ሁሉ፣ ከስቴንቱ በላይ ተሻግሮ ቧንቧውን ይሰብረዋል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ስቴንት የለም፤ እያንዳንዱ ምርጫ አንዱን ችግር በሌላው መለወጥ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ መስክ ነው። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ በቀን 100,800 ጊዜ ትመታለች፤ በዓመት 36 ሚሊዮን ከሚበልጥ ምት ይደርሳል። እያንዳንዱ ምት ስቴንቱን በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ በዚህ ላይ አንገት መዞሩና መዋጡ ይጨመራል። አምራቾች ስቴንትን 400 ሚሊዮን ጊዜ ያህል፣ ማለትም የ10 ዓመት ምት ያህል የሚፈትኑት በዚህ ምክንያት ነው። ያም ሆኖ በጠንካራ ካልሲየም ላይ የተቀመጠ ስቴንት ክሩ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የታካሚው ክትትል ከሆስፒታሉ በር አያበቃም።

መጨረሻ መሣሪያዎቹን ወደ ማውጣት እንደርሳለን። ሁሉም ሰው እፎይ የሚልበት ሰዓት ነው፤ ስቴንቱ ተዘርግቷል፣ ምስሉ ያማረ ነው። ማጣሪያውን የሚሰበስበው ካቴተር ሽቦውን ተከትሎ ሲወጣ ጫፉ በስቴንቱ ክር ላይ ያርፋል፤ አልሄድም ይላል። ቢገፉት ስቴንቱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ማጣሪያውን ቢስቡት ከስቴንቱ ጋር ይተበተባል። ጉልበት እዚህ ጠላት ነው። የተለመደው መፍትሔ ደረጃ አለው። ታካሚው አንገቱን እንዲያዞር፣ በረጅሙ እንዲተነፍስ ወይም ምራቁን እንዲውጥ ይጠየቃል፤ አንገቱ ከውጭ በቀስታ ይጫናል። ይህ ሁሉ የሽቦውን አቅጣጫ ከክሩ ለማራቅ ነው። ካልሆነ ጫፉ የታጠፈ ሌላ ካቴተር ይሞከራል፤ ወይም ዋናው ቱቦ ራሱ በስቴንቱ ውስጥ በጥንቃቄ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሁሉም ካልሠራ የቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሐኪም በሌለበት ሕንፃ ውስጥ ግን ይህ የመጨረሻ አማራጭ የለም። ልብ በሉ፤ ታካሚው ነቅቶ የሚታከመው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሲጠየቅ ይውጣል፣ እጁን ሲያነሣም አንጎሉ ደኅና መሆኑን ይነግረናል።

እነዚህን ሁሉ ብናሰባስብ ሦስት ነገር ይወጣናል። ችግሮቹ የሚፈጠሩት ግትር ነገር ከለስላሳና ከታመመ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። አብዛኞቹ የሚወሰኑት መርፌው ቆዳውን ከመንካቱ በፊት፣ ታካሚውንና መሣሪያውን በመምረጥ ነው። የሚፈቱትም ጉልበት በመጨመር ሳይሆን ቅደም ተከተል በመጠበቅ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ሥራም ይሆናል።

ልምድ የሚያመጣውን ልዩነት ጥናቶች አሳይተዋል። በ2006 የታተመው የፈረንሳይ ጥናት 527 ታካሚዎችን አካትቶ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት የደረሰባቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 3.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ስቴንት ከተተከለላቸው 9.6 በመቶ ነበሩና። ከዚያ በኋላ ብዙ ያከራከረው የተካዮቹ ልምድ በቂ ነበር ወይ የሚለው ነው። በ2010 የታተመው፣ 2,502 ሰዎችን የያዘው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ግን ሐኪሞቹን አስቀድሞ በጥብቅ አጣርቶና አሠልጥኖ ነበር። እዚያ በሕክምናው ሰሞን ስትሮክ የደረሰባቸው በስቴንት 4.1 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 2.3 በመቶ ሆኑ፤ የልብ ድካም ጥቃት ደግሞ በተቃራኒው በስቴንት 1.1፣ በቀዶ ሕክምና 2.3 በመቶ ሆነ። ከ70 ዓመት በላይ ላሉት ቀዶ ሕክምናው የተሻለ ሆኖ ታየ። የዕድሜውን ምክንያት ቀደም ብለን አይተነዋል፤ የረዘመ ቅስት፣ የተጠማዘዘ ቧንቧ፣ የጠነከረ ካልሲየም።

ታዲያ ይህ ለእኛ፣ እዚህ ካዛንቺስ ለተቀመጥነው ምን ማለት ነው? በዚሁ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይዋ የበርገን ከተማ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች አንዱ ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ደግሞ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ። ሁለቱም አንድ ነገር ያስተምሩናል። ረቂቅ ሕክምና በአገር ውስጥ ሥር የሚሰድደው መሣሪያ ሲገዛ ሳይሆን፣ እዚሁ ሆነው በየቀኑ የሚሠሩ፣ የሚያስተምሩና የሚተኩ ሰዎች ሲፈጠሩ ነው።

የካሮቲድ ስቴንትን አገልግሎት ለመጀመር ወይም ለማስፋት የሚያስብ ሆስፒታል እንግዲህ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ስቴንት አለን?» ብሎ አይደለም። መምጠጫ ካቴተር አለን? በተለያየ መጠን ስቴንትና ፊኛ አለን? የማጣሪያው መሰብሰቢያ ሲያንቅ የሚተካው አለ? የመጠቀሚያ ጊዜያቸውን ማን ይከታተላል? አንገት መክፈት የሚችል ቀዶ ሐኪም በዚያ ሰዓት የት ነው? የአንዱ መልስ «የለም» ከሆነ፣ ለዚያ ታካሚ ትክክለኛው ሕክምና በዚያ ቀን መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ማስገቢያውን ገዝቶ ማውጫውን መተው ቁጠባ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የታካሚው ቤት ነው። ስቴንት ከተተከለ በኋላ ታካሚው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ቢያንስ ለአራት ሳምንታት አንድ ላይ፣ ከዚያም አንዱን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ባዕድ ብረት ገና በሽፋን ሳይለብስ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ደም በላዩ ይረጋል፤ ያማረው ሥራ በአንድ ሌሊት ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ለዓመታት በእግራቸው የሚደርሱበት ጤና ጣቢያና የሚያውቃቸው ፋርማሲስት ከአሁኑ ቤታቸው ሩቅ ሆኗል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ነገ ከየት ያገኛል? ግፊቱን ማን ይለካለታል?» የሚለው ጥያቄ ከሕክምናው በፊት ከቅስቱ ምስል እኩል መመርመር አለበት። የደም ግፊትን በየጤና ጣቢያው መለካትና ማከም ደግሞ ከማናቸውም ስቴንት ይልቅ ብዙ ስትሮክ ይከላከላል። ይህን ስል የሙያዬን ክብር እንዳሳነስሁ አይሰማኝም።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ላቅርብ። በምሕንድስና ቤተ ሙከራችን ግልጽ የሆነ የሲሊኮን ቧንቧ መሥራት ይቻላል። ሦስተኛ ደረጃ ያለውን አስቸጋሪ ቅስት፣ የተጠማዘዘ ካሮቲድና ጠንካራ ክምችት አካትተን፣ ሞቅ ያለ ውኃ በፓምፕ እናስኬድበት። የሕክምና ተማሪዎች የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ሽቦዎችና ካቴተሮች ይዘው ይምጡ፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ጉልበቱን ይለኩ። ልምምዱ ስቴንት በመትከል አይጀምር። ከማውጣት ይጀምር፤ ማጣሪያው በክሩ ላይ አንቆ ይቀመጥና «ፍቱት» ይባሉ። እዚያ ላይ እጃቸው ትዕግሥትን ከለመደ፣ ሰው ፊት ሲቀርቡ ጉልበት አይቀድማቸውም።

ጥያቄዎቻችሁንና እርማቶቻችሁን፣ በተለይ የሐኪሞችን፣ በደስታ እቀበላለሁ።